የእሺ ደወል፣ የእምቢ ደወል

አፌ እንደማያርፍ የመንደራችን የቡልንጂር ሰው ሁሉ ያውቃል። ባሌ አንሱማና ጃርጁ፣ አላህ ይማረውና፣ "አንቺን ያገባሁ ቀን ጸጥታን ፈታኋት" ይል ነበር። ይበል። ይሄ አፍ ባይኖር ኖሮ የሩዝ ማሳዬ ላይ ዛሬ ሌላ ሴት ነበረች የምታጎነብሰው። ሪፐብሊክ የሆንን ሰሞን የደረሰብኝን ነው የማወራችሁ።

መጀመሪያ ነፃ ወጣችሁ ተባልን። ባንዲራው ተቀየረ፣ ልጆች ተሰልፈው ዘመሩ፣ አልካሎው በሬ አረደ። አልካሎ የመንደራችን ሹም ነው፤ መሬት የሚያከፋፍለውም እሱ ነው። ንግሥቲቱ ግን አልሄደችም። አገሯ ተቀምጣ የኛም ንግሥት ናት ተባለ። እኔ በበኩሌ ክፉም ደግም አላደረገችብኝም፣ አይቻትም አላውቅ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ መንግሥት "ትሂድና የራሳችን ሰው ይቀመጥ ወይ?" ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። የሚፈለገው ድምፅ ለጥቂት ሳይሞላ ቀረና ንግሥቲቱ ባለችበት ቆየች።

የኛ መንደር አብዛኛው እምቢ ብሎ ነበር። ንግሥቲቱን ወደን አይምሰላችሁ። የወረዳው ሹም ላይ ቂም ይዘን ስለነበር የዚያን ጊዜ ፀሐይ በምሥራቅ ትውጣ ወይ ቢሉንም እምቢ ነበር የምንለው። ሹሙ ታዲያ አልካሎአችንን፣ ሲዲያ ባጂን፣ አስጠርቶ በሰው ፊት መሬት ላይ አስቀመጠው። ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ያለ ባርኔጣ፣ እንደ ሌባ። ሲዲያ ያን ቀን ሲመለስ አየሁት። ሰላም ስለው አልመለሰልኝም። ከዚያ በኋላ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ።

ዓመታት አልፈው ሁለተኛው ጥያቄ ሲመጣ ሲዲያ ለሹሙ ምሎ መጣ። ከቡልንጂር አንዲት እምቢ አትወጣም ብሎ። ወንዶቹን ቢያስፈራራ እንደማይሰሙት ያውቃል። ስለዚህ ሴቶቹን ሰብስቦ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ "ከቤቷ እምቢ የወጣባት ሴት ዝናቡ ሲመጣ ማሳዋን ትርሳው" አለን።

ማሳ ስላችሁ ዝም ብላችሁ አትስሙኝ። የኔ ማሳ ጨዋማ ውኃ የሚገባበት ረግረግ ነበር። እናቴ ናት ጭቃ በራሷ ተሸክማ ግድብ የሠራችለት፤ ወገቧ የጎበጠው እዚያ ነው። እኔም አራስ ሆኜ ጭቃ ተሸክሜበታለሁ። ልጆቼ የበሉት ሩዝ በሙሉ ከዚያ የወጣ ነው። ያንን ማጣት ማለት የሰው ደጅ ላይ ሳህን ይዞ መቆም ማለት ነው።

ቤቴ ውስጥ ደግሞ አንሱማና አለ። አንሱማና በርማ ድረስ ሄዶ ጃፓንን ለእንግሊዙ ንጉሥ የወጋ ሰው ነው። ሜዳሊያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ትራሱ ሥር ያስቀምጣል። "ለንጉሡ ምያለሁ፤ ዛሬ ልጁ ናት የነገሠችው" ይላል። ለመንኩት፣ አለቀስኩለት፣ ምግብም ነሳሁት።

"አንሱማና፣ መሬቱ ሊሄድ ነው እኮ።"

"መሃላ ነው።"

"የማልክለት ሰውዬ ሞቷል።"

"እኔ አልሞትኩም" አለኝና ጀርባውን ሰጠኝ። እርር ድብን አልኩ። ግን ከማንም ይልቅ የምወደው ለዚህች ድርቅናው መሆኑን ልደብቃችሁ አልችልም።

ምርጫው በብይ ነው። እዚህ አገር ሁልጊዜም በብይ ነው። አንዲት ብይ እጅህ ላይ ያኖሩልሃል፣ ከምንጣፍ መጋረጃው ጀርባ ትገባለህ፣ ሁለት በርሜል ተቀምጧል፤ አንዱ የእሺ፣ አንዱ የእምቢ። በቧንቧው ትለቃታለህ፣ ወርዳ ደወል ትመታለች፣ ውጭ ያለው ሰው ይሰማል። አንዴ ከጮኸ ደህና፤ ሁለቴ ከጮኸ አጭበርብረሃል፣ ፖሊስ ይይዝሃል። ለዚህ ነው በዚያ ቀን የብስክሌት ደወል መንካት የተከለከለው።

ዋዜማውን ከከተማ የመጣው የምርጫ ሹም ኦቾሎኒ መጋዘኑ ውስጥ በርሜሎቹን አስቀምጦ ሁላችንም እያየን ሞከራቸው። የእሺው ጥርት ብሎ ጮኸ። የእምቢው ግን ትንሽ ደፈን ያለ ነበር፤ ቀለም ሲቀቡት ደወሉን ሳይነካው አልቀረም። ለሹሙ ሁለቱም ደወል ነው፤ መዝገቡን ዘግቶ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። እኔ ግን አልካሎውን እያየሁ ነበር። ሲዲያ ፊቱን ወደ ቢራም ንዱር አዞረ።

ቢራም ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ልጆቹን ይዞ መጥቶ እኛ ወደብ ላይ የሰፈረ፣ ከሴሬር ነገድ የሆነ ሰው። ጆሮው የታወቀ ነው። መቅዘፊያውን ውኃው ውስጥ ነክሮ እጀታው ላይ ጆሮውን ይለጥፍና ዓሣው የት እንዳለ ይናገራል። ከግድግዳ ውጭ ቆሞ ጥርት ያለውን ደወል ከደፈነው መለየት ለሱ ምንም ነው። አመሻሹ ላይ ወሬው ደረሰኝ፤ አልካሎው ቢራምን ነገ ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር ሊያስቀምጠው ነው።

ሰው ሲለመን የሚሰጠውን፣ የሚታኘከውን ኮላ ፍሬ ይዤ ወደብ ወረድኩ። ቢራም መረቡን እየጠገነ ነበር። እኛ ጆላዎችና ሴሬሮች ሁለት ነገድ ብንሆንም የቀልድ ዘመዳሞች ነን። ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ነው። እኔ ቢራምን ባሪያዬ እለዋለሁ፣ እሱም እኔን ባሪያዬ ይለኛል። እኔ ልጁ ሰርግ ላይ ገብቼ ድስቱን ብገለብጥ እንኳ መቆጣት አይችልም። የተቆጣ ሰው መንደር ለመንደር ስሙ ይጠፋል። አንዱ ሌላውን አጥብቆ የለመነውን ደግሞ መንፈግ ነውር ነው።

"አንተ የዓሣ ጭንቅላት" አልኩት። "ጆሮህን አከራየህ አሉ።"

"ኪራይ የሚከፍልማ የለም፤ ነጠቀኝ እንጂ" አለ ቀና ሳይል። "'ጀልባህ የቆመው እኔ ወደብ ላይ ነው' አለኝ። ልጆቼን ይዤ ወዴት ልሂድ?"

"የአንሱማናን ብይ ከነገርከው ማሳዬ ሄደ።"

"አውቃለሁ።"

"እኔ ጆላ ነኝ። ለምኜሃለሁ።"

"እሱም ጆላ ነው፤ እሱም ለምኖኛል። እናንተ ሆዳሞች እርስ በርስ ስትጣሉ እኔን መሃል አገባችሁኝ።" ኮላውን ሰበረና ግማሹን ለኔ ሰጠኝ። "ቁርዓን አስይዞ ነው ያስማለኝ፣ ቴኔንግ። የሰማሁትን ሁሉ እነግረዋለሁ።"

ልሄድ ስነሳ ደግሞ ከኋላዬ ተናገረ።

"ያልሰማሁትን ግን ከየት አምጥቼ ነው የምነግረው? አንቺ ደግሞ ስታወሪ ማን ሲያስቆምሽ አይቻለሁ?"

ቆም ብዬ አየሁት። መረቡን ነው የሚያየው። ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን አላህ ለምን እንደሰጠኝ የገባኝ ያኔ ነው።

በማግስቱ ሰው ገና ሳይሰለፍ መጋዘኑ ግድግዳ ሥር ሄድኩ። ቢራም ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፣ ጆሮው ወደ ግድግዳው። አጠገቡ ቁጢጥ አልኩና ጀመርኩ።

"እዩልኝ፣ አልካሎው ምንጣፍ ላይ ያስቀመጠውን ባሪያዬን እዩልኝ። ምንጣፉ እስኪገማ ድረስ ምነው ሳትታጠብ መጣህ? አባትህ የሞተው እኛ ቤት ሩዝ ሊሰርቅ ገብቶ ድስት ውስጥ ወድቆ ነው። ወንድምህ እስካሁን የድስቱን ቂጥ ይልሳል።"

ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ሳቀ። ቢራምም መለሰ፤ የሴሬር ስድብ ታውቃላችሁ፣ እናቴ ዳቦ ሻጭ አየሁ ብላ ጡቷን ከልጅዋ አፍ ነጥቃ የሮጠች ሴት ናት አለ። እኔም አልተኛሁም። ውስጥ አንድ ደወል ጮኸ። ምን ዓይነት እንደሆነ ቢራም ይስማ አይስማ እንጃ፤ እኔ ግን አልለየሁትም።

አልካሎው ከማንጎው ጥላ ሥር ሆኖ ያየናል። ፊቱ ጠቆረ። መጥቶ፣ "ቴኔንግ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ፤ የሴቶቹ ተራ ገና ነው" አለኝ።

"ባሪያዬን እየመከርኩ ነው፣ አልካሎ። እርስዎ ግድ የለዎትም፣ ጥላዎት ሥር ይቀመጡ።"

ምን ይላል? ጆላን ከሴሬሯ ለይቶ ቢያባርር መንደሩ ይስቅበታል። ለምን ጸጥታ እንደፈለገ ቢናገር ደግሞ የከተማው ሹም ይሰማዋል፤ የሰው ምርጫ መሰለል ክልክል ነው። ፖሊሱን ጠቀሰው። ፖሊሱ መጣ፣ ወጣት፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ።

"እናት፣ እዚህ መጮህ አይፈቀድም።"

"ሴሬሬን ነው የምሰድበው፣ ልጄ።"

"ሴሬር ነው?" ፖሊሱ ቢራምን አየው። "እኔ ፉላ ነኝ፤ እኛም የሴሬር የቀልድ ዘመዶች ነን። ሴሬር ሲሰደብ የሚከለክል ፉላ ካለ ቤተሰቡ ውስጥ ችግር አለ ማለት ነው። ከገመዱ ውጭ እስከሆንሽ ድረስ ቀጥይ።" ሰው ሁሉ ሳቀ። አልካሎው ግን አልሳቀም።

ፀሐይ እየከረረች ሄደች። ጉሮሮዬ ደረቀ። የአንሱማና ተራ እየቀረበ ነው። ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ ሰክቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ የሰልፍ ሜዳ ላይ ያለ ይመስል። ሰልፉ አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ስድብ አለቀብኝ። የተሳደብኩትን ደግሜ ተሳደብኩ። ቢራም ዐይኑን ጨፍኖ "እሺ፣ ቀጥዪ፣ ቀጥዪ" ይላል በሹክሹክታ።

አንሱማና ገባ። ያን ጊዜ ያወጣሁት ድምፅ ከየት እንደመጣ አላውቅም። የቢራምን አያት፣ የቢራምን ጀልባ፣ የቢራምን ቂጥ፣ ያልጠራሁት የለም። ፍየሎቹ ሸሹ። ደወሉ ጮኾ አልሰማሁም፤ አንሱማና መጋረጃውን ገልጦ ሲወጣ ነው ያለቀው ያለቀ መሆኑን ያወቅሁት።

በአጠገቤ ሲያልፍ ጎንበስ አለ። ጫማውን የሚያስር ይመስላል።

"በቃሽ" አለኝ። "ዝም በይ። እሺ ውስጥ ነው የጣልኩት።"

መጀመሪያ ደስ አለኝ። አልዋሻችሁም፣ እልል ልል ነበር። ከዚያ ፊቱን አየሁት። ሲዲያ ከወረዳው ሹም የተመለሰ ቀን የነበረው ፊት ነው። ሜዳሊያውን ነቅሎ ኪሱ ከተተው። ያ ጃፓን ያላስጎነበሰው ሰውዬ በኔ ማሳ የተነሳ አጎነበሰ። የዕድሜውን አንድ መሃላ በኔ ጭቃ ለወጠው። አንጀቴን በላው። ደሜ ደግሞ ፈላ፤ በሲዲያ፣ በወረዳው ሹም፣ በራሴም። ይሄ ነው እንግዲህ የራሳችን ሰው ይቀመጥ የሚሉት? የራሳችን ሰው የሚቀመጠው የባሌን አንገት አስደፍቶ ነው?

የሴቶቹ ተራ ደረሰና ስሜ ተጠራ። ልነሳ ስል አልካሎው ሰተት ብሎ መጥቶ እኔ የነበርኩበት ቦታ ቁጭ አለ፣ ከቢራም ጎን፣ ትከሻ ለትከሻ። እጁን ወደ ሕዝቡ አነሳ። ሁሉም ጭጭ አለ። የሚስቀው ሳይቀር። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ ሁሉም ያውቃል።

የምርጫው ሹም ብይዋን እጄ ላይ አኖረልኝ። መጋረጃው ተዘጋ። ሁለቱ በርሜሎች አሉ፣ እኔ አለሁ። በሕይወቴ ማንም ሳያየኝ አንድ ነገር ለመወሰን ስቆም ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ቀድሞ አባቴ፣ ከዚያ ባሌ፣ ከዚያ አልካሎው ነበር። ስነሳ ልጥላት ያሰብኩት እሺ ውስጥ ነው። ማሳዬን አተርፋለሁ፣ ነገሩም ያልቃል። እግሬ ግን ወደ እምቢው ሄዶ ቆመ። የአንሱማናን እምቢ እኔ ልጥልለት ፈለግሁ። ሌላ የምሰጠው ነገር አልነበረኝም።

ብይዋን ቧንቧው አፍ ላይ አድርጌ ውጭውን አዳመጥኩ። ምንም። ሕፃን እንኳ አያለቅስም። ከግድግዳው ማዶ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ የቢራም ጆሮ አለ፣ የሲዲያም አለ። ደፈን ብሎ ሲጮህ ሁለቱም ይሰሙታል፣ የእናቴም ግድብ ይሄዳል። አንስቼ ወደ እሺው ልሂድ አልኩ፤ አንሱማና ሜዳሊያውን ኪሱ ሲከት ታየኝ፤ መለስኳት።

"እህቴ፣ ምነው ቆየሽ?" አለ ሹሙ ከመጋረጃው ማዶ።

"መጣሁ" አልኩት። አልመጣሁም።

ያን ጊዜ ቢራም ጮኸ።

"አንቺ ቴኔንግ፣ እዚያ ውስጥ የሚበላ የለም። በርሜሉን ልሰሽ እንዳትጨርሺው፤ የመንግሥት ነው። ሰዎች፣ ጆላ ብቻዋን በር ዘግታ ከቆየች ሽንት ቤት ወይም ድስት አግኝታለች ማለት ነው።"

"ዝም በል" አለው አልካሎው። ድምፁን ሰማሁት።

"ለምን ዝም እላለሁ? አንተም ጆላ ነህ፣ አንተ ሲዲያ" አለ ቢራም፣ አልካሎውን አንተ ብሎ፣ በሰው ፊት። "ይሄን ጆላ እዩት። ወንበር ሲሰጡት ያዛጋል፣ ምንጣፍ ላይ ሲቀመጥ ጆሮው ይቆማል። እናቱ ስትወልደው አዋላጇ ሆዱን አይታ፣ ይሄ መንታ ነው ብላ ሌላኛውን ስትጠብቅ ዋለች።" ከዚያ መዝፈን ጀመረ። መቅዘፊያ ሲመታ የሚዘፍኑትን ዓይነት፣ እጁን እያጨበጨበ፣ በደረቱ ሙሉ። ሕዝቡም ተቀበለው። እግር ሲረግጥ ይሰማኛል። መጋዘኑ ተንቀጠቀጠ።

ብይዋን ለቀቅኋት። እምቢ ውስጥ። ደፈን ብላ ስትጮህ እኔ ራሴ በጭንቅ ነው የሰማኋት።

ስወጣ አልካሎው ቆሟል። ዘፈኑ አልቋል። ቢራም ላቡን በሸሚዙ ይጠርጋል።

"ምን ሰማህ?" አለው ሲዲያ። ዝቅ ብሎ ነው የጠየቀው፣ ግን ሁላችንም ሰማን።

"የራሴን ድምፅ።"

"በቁርዓን ምለሃል።"

"ስለማልኩ ነው እውነቱን የምነግርህ። ከጠዋት ጀምሮ የሰማሁት የዚህችን ባሪያ አፍ ነው፣ አሁን ደግሞ የራሴን። ሌላ የሰማሁት ካለ ቁርዓኑ ይያዘኝ።" ፈገግ አለ። "እኔን ጆላ ላይ ጆሮ እንድጥል ስትልከኝ፣ ጆላዬ ዝም ብላ የምታየኝ መስሎህ ነበር?"

ሰው ሁሉ አልካሎውን ያያል። ቢቆጣ ስሙ ሞተ። ስለዚህ ሳቀ። አፉ ሳቀ፣ ዐይኑ አልሳቀም። እኔም የቢራም ምንጣፍ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

በዚያው ሳምንት ሬዲዮው አወራ፤ እሺ አሸንፎ ሪፐብሊክ ሆንን። መንደሩ ጨፈረ፣ እኔም ጨፈርኩ፤ የኔ እምቢ ምንም አላጎደለም። ዝናቡ ሲመጣ አልካሎው መሬት አከፋፈለ። ስሜ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ አየኝ። ምንም የሚይዘው ነገር ስለሌለው ማሳዬን ሰጠኝ። ቢራምን ግን ከወደቡ አስነሳው። ምክንያት እንኳ አልሰጠውም። ጀልባውን ወንዙ ዳር ረግረጉ ላይ በበቀለው ደን፣ ማንግሮቩ ውስጥ ወስዶ አቆመ፤ ጭቃው ጉልበት ድረስ ነው፣ ልጆቹ ዓሣውን በጭንቅላታቸው ተሸክመው ነው የሚያወጡት። ሩዝ ይዤለት ስሄድ፣ "ይሄን ትንሽ ሩዝ? የቀረውን መንገድ ላይ በላሽው?" አለኝ። ለማመስገን አፌን ስከፍት ደግሞ፣ "ተይ፣ ቴኔንግ። አመስግነሽኝ ቀልዱን እንዳታበላሺብኝ" አለ። ዞሬ አለቀስኩ።

ለአንሱማና እስከዚያ አልነገርኩትም። ማሳው እጄ እስኪገባ ፈራሁ፤ እሱ መዋሸት አይችልም፣ አንድ ሰው ቢጠይቀው ይናገራል። አንድ ጠዋት ማሳው ውስጥ እሱ በረጅሙ አካፋ ጭቃውን እየገለበጠ፣ እኔም ከኋላው አረሙን እየለቀምኩ ነገርኩት።

"እኔ እምቢ ውስጥ ነው የጣልኩት።"

አካፋው ቆመ። "ለምን?" አለ ሳይዞር።

"ያንተን ልመልስልህ።"

"ሲዲያ ቢሰማስ ኖሮ?"

"ማሳው ይሄድ ነበራ።"

ጀርባው ብቻ ነው የሚታየኝ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚስቅ መስሎኝ፣ "ምን ያስቅሃል?" ልለው ጠጋ አልኩ። እየሳቀ አልነበረም። ጭቃማ እጄን ወገቡ ላይ አድርጌ ዝም ብዬ ቆምኩ።